ፒኤስ 4 ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት አጥፍታችሁ አብሩት

ሰላም ቤተሰብ። ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ ስለዚህ ከረዘመ ይቅርታ፣ ግን ቴሌግራም ላይ "ፒኤስ 4 ከ60 ጌም ጋር" (ፕሌይስቴሽን 4፣ ቲቪ ላይ የሚሰካው የጌም ማሽን ማለት ነው) የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ብር ልታስተላልፉ ያላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡና ከዛ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። እዚህ ሰፈር የሚኖር ያውቀዋል፣ ከስራ ተመልሰህ ታክሲ ሰልፉን ጨርሰህ ቤት ስትገባ መሽቷል፣ ተመልሶ ከተማ ወጥቶ መዝናናት የሚባል ነገር የለም፣ መዝናኛህ ያቺው ቲቪ ናት። እኔ ደግሞ ያደግኩት ጌም ቤት ውስጥ ነው ብል ውሸት አይሆንም፣ ሳሪስ እያለን በጨዋታ እየከፈልን ዊኒንግ ኢለቨን ስንጫወት የከረምን ልጆች ነን፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ አሸናፊ ደግሞ እናቱ መጥታ በጆሮው ይዛ እስክታስወጣው ድረስ አይነሳም። እና ዕቁብ ሲወጣልኝ ባለቤቴ ሶፋ አለች እኔ ፕሌይስቴሽን አልኩ። እንዴት እንዳሳመንኳት አልናገርም፣ ሶፋው ግን እስካሁን አልተገዛም፣ ስለዚህ ይሄ ታሪክ ቤቴ ውስጥ እንዴት እንደሚወራ ገምቱት።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ ፒኤስ 4 ስሊም፣ 1 ቴራ፣ 60 ጌም ፉል፣ 2 ኦሪጅናል ጆይስቲክ፣ ኦንላይን ይሰራል፣ 34 ሺህ፣ መጠነኛ ድርድር አለው። ደወልኩ፣ "ና ወንድሜ ሞክረህ ነው የምትወስደው" አለኝ። ሞክረህ የምትለዋ ቃል ነች የበላችኝ።

መሃል ከተማ አንድ ህንጻ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ነች። ስገባ ቲቪውም ፒኤሱም በርተው ነው የጠበቁኝ። ይሄን ነገር ያዙልኝ። ልጁ ገና ከመቀመጤ ጆይስቲክ አቀበለኝ፣ ማንን ነው የምትደግፈው አለኝ፣ አርሰናል ስለው አርሰናልን ሰጠኝና እሱ ሲቲን ያዘ፣ 2 ለ 1 አሸነፍኩት። አሁን ሳስበው የተሸነፈልኝ ሆን ብሎ ነው፣ በዛ ጣቱ ሶስት አራት ያገባብኝ ነበር። ከዛ ጌሞቹን ወደ ጎን እየገፋ አሳየኝ፣ አያልቁም። ስፓይደርማን 2 አለ፣ "ጂቲኤ 6 ራሱ ተጭኖበታል ብሮ" አለኝ። 32 ሺህ ላይ ተስማማን፣ እዛው ቁጭ ብዬ በሲቢኢ ላኩለት፣ እሱ ራሱ አጥፍቶ፣ ገመዶቹን ጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ ከቶ ሰጠኝ። ሲያጠፋው አይቻለሁ፣ ተመልሶ ሲበራ ግን አላየሁም። ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው።

ቤት ስደርስ 4ተኛ ፎቅ ድረስ እንደ ታቦት ተሸክሜው ወጣሁ። ሰካሁት፣ በራ፣ ጌሞቹ ተደርድረው መጡ፣ እያንዳንዱ ላይ ግን ትንሽዬ የቁልፍ ምልክት አለች። አንዱን ስነካው ማስጀመር አይቻልም ይላል፣ ሁለተኛውም ሶስተኛውም እንደዛው፣ 60ውም ተቆልፏል። ደወልኩ። "አሃ፣ ፍላሹን አልሰጠሁህም እንዴ? ያለ ፍላሽ እኮ አይሰራም፣ ነገ ና ውሰድ፣ 800 ብር ነው" አለኝ። 800 ብሩ አይደለም የገረመኝ፣ አነጋገሩ ነው፣ ቻርጀር የረሳ ሰው ነበር የሚመስለው።

ቆይቼ የገባኝን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ማወቅ ነበረብኝ። ፒኤስ 4 በ2013 የወጣ ማሽን ነው፣ ቀጠን ያለው ስሊሙ በ2016። የሲስተም ሶፍትዌሩ ላይ ክፍተት እያገኙ የሚከፍቱት ሰዎች አሉ፣ ጄልብሬክ የሚሉት እሱን ነው፣ ግን ሁሉም ቨርዥን አይከፈትም፣ 5.05፣ 6.72፣ 9.00፣ 11.00 የሚባሉት ናቸው በደንብ የሚታወቁት፣ የኔ 9.00 ነበር። ዋናው ነገር ግን አከፋፈቱ ቋሚ አይደለም። ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ አይጻፍም፣ ስታጠፉት አብሮ ይሄዳል፣ እንደገና ስታበሩት እንደገና መክፈት ነው። 9.00 ላይ ደግሞ ብራውዘር ገብታችሁ፣ መክፈቻ ፋይሉን አስጀምራችሁ፣ ሰካ የሚል ጽሁፍ ሲመጣ ፍላሹን መሰካት፣ ከዛ መንቀል አለ። ሱቅ ውስጥ ስትደርሱ የሚበራው ማሽን ይሄ ሁሉ ቀድሞ የተሰራለት ነው። ለዛ ነው ፏ ብሎ የሚጠብቃችሁ።

እሺ፣ በየቀኑ አንዴ ፍላሽ መሰካት ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ችግሩ ሁሌ አይሳካም። የባለቤቴ ወንድም ነው ይሄን ስራ የያዘው፣ ፍላሹን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ቀዳዳው አፍ ላይ ደቅኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ጽሁፉን ይጠብቃል፣ ልክ ሲመጣ ይሰካል፣ እና ማሽኑ እልም ይላል። እንደገና። እልም። አንድ ቅዳሜ በቁጥር 7 ጊዜ አድርጎታል፣ በየመሃሉ ደግሞ ማሽኑ በትክክል አልጠፋም፣ ስቶሬጁን ላረጋግጥ እያለ ያስጠብቃል፣ ቡናው ሶስተኛው ተፈልቶ አልቆ እኛ ገና ሰማያዊ መብራት እያየን ነው። በስንት መከራ ከተከፈተ በኋላ አንድ ሰአት ሳንጫወት መብራት ሄደ። እዚህ ሰፈር መብራት ሲሄድ ማን ይገረማል፣ ግን እኔ የገዛሁት መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር ዕቃ ነው። ሬስት ሞድ ላይ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ እንዲተኛ) አስቀምጠው ይሉኛል፣ ሬስት ሞድም እኮ መብራት ይፈልጋል ወንድሞቼ።

እንግዲህ ስለ ጌሞቹ። 1 ቴራ የተባለው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ 500 ጊጋ ነው፣ ከሱም ለተጠቃሚ የሚተርፈው 400 ምናምን ነው። ሬድ ዴድ 2 ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ ይበላል፣ ጂቲኤ 5ም ወደዛው ነው፣ 60 ጌም እንዴት ገባ? እንዲህ ነው የገባው፦ ግማሹ ዴሞ ነው፣ 20 ደቂቃ ተጫውታችሁ ሙሉውን ግዙ የሚል፣ ሌላው ስልክ ላይ የምናውቃቸው አይነት ኳስ ማፈንጃ፣ ስእል መገጣጠሚያ ምናምን ናቸው። ጂቲኤ 6 የተባለውን ስከፍተው የጂቲኤ 5ቱ ገጸ ባህሪ ፍራንክሊን ነው ከነውሻው የመጣው፣ መጀመሪያ በ2013 የወጣው ጂቲኤ 5 ነው፣ ፊት ለፊት ያለችው ስእል ብቻ ተቀይራ። ጂቲኤ 6 እኮ ለፒኤስ 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው እንጂ ለፒኤስ 4 የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ስፓይደርማን 2ም በ2023 ለፒኤስ 5 ብቻ የወጣ ነው፣ የኔው ላይ ያለው የመጀመሪያው ነበር። እነዚህን ሁለት ስሞች በፒኤስ 4 ሊስት ላይ ካያችሁ ሻጩን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ድካም ነው፣ ውጡ።

ጆይስቲኮቹ አንዱ ኦሪጅናል ነው፣ አንዱ አይደለም። ያልሆነው መሃል ላይ ያለችው፣ በጣት የምትነካዋ ሰፊ ታች ፓድ ስትጫን ትሰማለች እንጂ ጣት ስትጎተትባት ምንም አታውቅም። ሱቅ ውስጥ ኳስ ብቻ ስላጫወተኝ አላወቅኩም፣ ኳስ ላይ ታች ፓድ ማን ይነካል።

አንድ ነገር ግን አልዋሽም፣ ጎድ ኦፍ ዋር እውነተኛ ነበር፣ የ2018ቱ። እንደኔ እንደኔ ማታ ማታ ከምናያቸው ተከታታይ ድራማዎች አብዛኞቹን ያስከነዳል። አባትና ልጅ የሞተችውን እናት አመድ ተሸክመው ከፍተኛው ተራራ ጫፍ ላይ ሊበትኑላት ይሄዳሉ፣ በቃ ታሪኩ ይሄው ነው፣ መሃል ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ባለቤቴ ጌም ጠላት ነች፣ መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፣ ከዛ ቢላዋን ይዛ ዞረች፣ ከዛ ቁጭ አለች። "ይሄ ሰውዬ ልጁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም እንዴ? ሁሌ ልጅ ልጅ ነው እንዴ የሚለው?" አለች። ከዛ በኋላ ያለሷ መጫወት ተከለከልኩ። ሶፋውን ልትረሳልኝ ምንም አልቀራትም ነበር። ስለዚህ የምለውን በደንብ ስሙኝ፣ ማሽኑ መጥፎ አይደለም፣ ጌሞቹም መጥፎ አይደሉም፣ መጥፎው የተሸጠልኝ መንገድ ነው።

ቀጣዩ ውድቀት የመጣው ኦንላይን ይሰራል ከምትለው ነው። አዳማ ያለ ጓደኛዬ ጋር ኳስ ልንገጥም ፈልገን ልገባ ስሞክር አፕዴት ካላደረግክ አትገባም አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ኦንላይን ይሰራል ተብዬ ነው የገዛሁት፣ አፕዴት አደረግኩት፣ የስልኬን ዳታ ጨርሼ። ተነስቶ ሲመጣ 9.00 የለም፣ አዲሱ ላይ ፍላሹ አይሰራም፣ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ አይቻልም፣ አፕዴት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። 60ው ጌም እስከ ወዲያኛው ተቆለፈ። ጎድ ኦፍ ዋርም አብሮ፣ ግማሽ መንገድ ላይ። የተከፈተ ፒኤስና ኦንላይን አንድ ላይ አይሄዱም፣ ሁለቱንም አለው የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ። ሻጩ ግን ሲያናግሩት ማር ነው፣ "ወንድሜ አትጨነቅ፣ እንደውም አሁን ሌጋል ሆነሃል፣ አካውንት ጌም ልስጥህ፣ ኤፍሲ በ4 ሺህ 500፣ ፕራይመሪ" አለኝ። ለማታውቁት፣ ፊፋ የሚባለው ጌም በፊፋ 23 አብቅቷል፣ ሰሪው ኩባንያ ኢኤ በ2023 ከወጣው ኤፍሲ 24 ጀምሮ ኤፍሲ እያለ ነው የሚያወጣው፣ ስሙን ነው የቀየሩት እንጂ እኔ በበኩሌ ከማሊያና ከዝውውር ውጪ ያን ያህል ልዩነት አይታየኝም፣ ሶስት አራት አመት ወደ ኋላ ያለ ሲዲ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ብትጫወቱ ምንም አይጎድልባችሁም። እኔ ግን ኦንላይን ብዬ ነበርና አዲሱን ፈለግኩ፣ ሌላ 4 ሺህ 500 ላኩ። በቪዲዮ ኮል እየመራኝ በራሱ አካውንት ገባን፣ ይሄን ማሽን ፕራይመሪ (የአካውንቱ ዋና ማሽን) አድርግ የሚለውን ነካን፣ ጌሙ ወረደ፣ ሰራ። በሶስተኛው ሳምንት፣ እሁድ ጠዋት፣ ያቺ ቁልፍ ተመልሳ መጣች።

ጨዋታው ይሄ ነው። አንድ አካውንት ፕራይመሪ ሊሆን የሚችለው በአንድ ፒኤስ 4 ላይ ብቻ ነው። ጌሙ የተገዛው በሱ አካውንት ነው፣ ኢሜይሉም ፓስወርዱም ያለው እሱ ጋ ነው፣ ሲፈልግ ከዌብሳይቱ ገብቶ ሁሉንም ማሽኖች ማስወጣት ይችላል፣ በስድስት ወር አንዴ ይፈቅድለታል፣ ከዛ ያንኑ ጌም ለሚቀጥለው ሰው "ፕራይመሪ" ብሎ ይሸጣል። እኔ ምንም አልገዛሁም፣ ለሶስት ሳምንት ተከራየሁ እንጂ። ስደውልለት መጀመሪያ "ሶኒ ነው የዘጋው" አለ፣ ቀጥሎ "ኔትወርክ ይሆናል" አለ፣ ቀጥሎ "ማሽኑን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ቴክኒሻን ጋ ላሳየው" አለ፣ ላኩለት፣ ከዛ ብሎክ።

አሁን ከኔ ተማሩ። ሱቅ ስትገቡ ማሽኑ በርቶ ከጠበቃችሁ፣ ከመጫወታችሁም ከመደራደራችሁም በፊት፣ እናንተው ራሳችሁ አጥፉት። ሬስት ሞድ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዛ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩ። ሻጩ እጃችሁን ከያዘ፣ "አይ ይበላሻል" ካለ፣ መልሱን አገኛችሁ። ሲነሳ ጌሞቹ ላይ ቁልፍ ካለ የተከፈተ ማሽን ነው ወይም የሰው አካውንት ነው። ከዛ ሴቲንግ ግቡ፣ ስቶሬጁ ስንት ነው፣ ሶፍትዌር ቨርዥኑ ስንት ነው፣ የገባው አካውንት የማን ነው። እዛው ቆማችሁ አካውንቱን አስወጥታችሁ በራሳችሁ ዩዘር ጌሙን ክፈቱ። ታች ፓዱን በጣታችሁ ጎትቱ። ሲዲ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ጥሩ ነው፣ የሲዲ ማጫወቻው የማይሰራ ብዙ አለ፣ በተለይ ጌም ቤት ቀን ከሌሊት ሲሰራ ከርሞ የሚሸጥ።

የተከፈተ መግዛት ሀጢያት ነው እያልኩ እየሰበክኩ አይደለም። እያወቀ የሚገዛ ሰው አለ፣ ፍላሹን መሰካት የማይሰለቸው፣ ኦንላይን የማያምረው፣ አፕዴት የሚለውን የማይነካ፣ የራሱ ጉዳይ ነው፣ ግን ተነግሮት፣ ከነፍላሹ፣ በዛው ልክ በሚሆን ዋጋ ይግዛ። እኔ ያልተነገረኝን ነው የከፈልኩት።

በትክክለኛው መንገድ ልጫወት ለሚል ደግሞ፣ ፕሌይስቴሽን አካውንት ስታወጡ አገር ምረጡ ይላል፣ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካን ይመርጣል። አንዴ የመረጣችሁትን አገር መቀየር አይቻልም፣ የምትገዙት ካርድም የዛው አገር መሆን አለበት፣ የአሜሪካ አካውንት ይዛችሁ የኢሚሬትስ ካርድ ብትገዙ ወረቀት ነው የገዛችሁት። እሱ ሁሉ ጣጣ የሚሰለቸው ሲዲ ይግዛ። የፒኤስ 4 ሲዲ ከዱባይም ይምጣ ከአውሮፓ የትኛውም ማሽን ላይ ይሰራል፣ አካውንት አይጠይቅም፣ መብራት ሄዶ ቢመጣ ቁልፍ አይወጣበትም፣ ጨርሳችሁ ስትሰለቹት ደግሞ ትሸጡታላችሁ።

እኛም መጨረሻ ላይ ያደረግነው እሱን ነው። የጎድ ኦፍ ዋርን ሲዲ ከአንድ የስራ ባልደረባዬ ገዛሁ፣ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ነው ግን ይሰራል። የድሮው ሴቭ አልመጣም፣ ከዜሮ ጀመርን፣ ባለቤቴ "ይቺን አይተናል፣ እለፋት" እያለች። መብራት ሲሄድ ሻማ አብርተን እንቀመጣለን፣ ሲመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

አሁን ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝን ልንገራችሁ። ትናንት የባለቤቴ ወንድም በሱ ስልክ ቻናሉን ከፍቶ አሳየኝ፣ እኔ ብሎክ ስለሆንኩ አላይም። ያቺ "ለቴክኒሻን" ብዬ የላክኋት ፎቶ ተለጥፋለች። ፒኤሱ የኛ ቲቪ ስር፣ ከጎኑ የባለቤቴ ጀበና ከነማቶቱ፣ ጀርባው ላይ ቡናማው መጋረጃችን፣ ከስሩ "ደስተኛ ደንበኛችን ከቱሉ ዲምቱ፣ እናመሰግናለን" የሚል ተጽፎበታል፣ እሳት ምልክት ያደረጉበትም አሉ። ያቺን ፎቶ ካያችሁ፣ አንገቱ የተሸረፈ ጀበና ያለባትን፣ ደስተኛው ደንበኛ እኔ ነኝ።